ለኮምፒውተር ሽርጥ የሚያስሩት ጋሽ ፈዬራ

ጋሽ ፈዬራን ያወቅኳቸው በግድግዳ በኩል ነው። ሲቲ እባላለሁ፤ ገርጂ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለች ትንሽ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ። የኛን ቤትና የሳቸውን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሚስማር ተነቅሎ የቀረ ቀዳዳ አለ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በዛ ቀዳዳ አንድ ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ እንፋሎቱን ወደዛ አዙሪልኝ፤ እዚህ ያለው ዕቃ እርጥበት አይወድም» አለ። አዞርኩላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ጎረቤት የሆንነው በዚህ ነው፤ ፊታቸውን ያየሁት ከዛ በኋላ ነው።

ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እሳቸው በቀዳዳው የነገሩኝን ብቻ ነው። ስለ እሳቸው የማውቀውም እንደዛው ነው፤ የነገሩኝ አለ፣ ቆርቆሮው ያሰማኝም አለ። ልጽፍዎት ነው ስላቸው «ምን የሚጻፍ አለኝ» ብለው ሳቁ። ግን አትጻፊ አላሉኝም።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። በሩ ላይ «ኮምፒውተር እንጠግናለን» ይላል። እንጠግናለን ይበል እንጂ ያሉት ብቻቸውን ናቸው። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ አሮጌ ሃርድ ዲስኮች እንደ ጡብ ተደርድረዋል።

ጋሽ ፈዬራ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ የአባታቸው ማሳ ነበር። ደንበኛ የሚኖርበትን ብሎክ ሲነግራቸው፣ «እዛ ጋ እኮ ውሃ ይተኛበት ነበር፤ ጤፉ እምቢ ሲለን ጓያ ነበር የምንዘራው» ይላሉ። መልስ ሳይጠብቁ ካቻቢቴአቸውን ያነሳሉ።

ጉልምስናቸውን የጨረሱት ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የተበላሸ ኮምፒውተር ሁሉ እሳቸው ጋ እየመጣ ሲከመር፣ አንዱን ፈተው ከሌላው እየገጠሙ ሙያውን እዛው ለመዱት። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ሃርድ ዲስኮች ይዘው ወጡ። ያ መደርደሪያ ላይ ያለው እሱ ነው። ባለቤታቸው ሙሉነሽ ካረፉ ቆይቷል። ልጃቸው ሄሊና አግብታ ድሬዳዋ ነው ያለችው፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «በላህ አባዬ?» ትላለች። «በላሁ» ይላሉ። ከዛ ሙቀቱን ይጠይቋታል፣ ሞቋል ትላለች፣ ይዘጋሉ።

ጋሽ ፈዬራን ከሌላ ጠጋኝ የሚለያቸው አንድ ነገር አለ። ሌላው ኮምፒውተር ተቀብሎ «ነገ ተመለስ» ይላል። እሳቸው ሰውየውንም ያስቀምጡታል። «ቤትህ እንደምትሠራው ሥራ» ይሉታል፤ ከጎኑ ቁጭ ብለው የኮምፒውተሩን ሆድ ያያሉ። ተማሪ ከሆነ ያጠናል፣ ሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ይደምራል። እኔ ይሄ ገርሞኝ አንድ ቀን በቀዳዳው ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰዉን ለምን ያስቀምጡታል?»

«አንቺ ልብሱን ሳታዪ ትዘፈዝፊያለሽ?»

«ኪሱን አያለሁ።»

«በቃ፤ እኔም ኪሱን ነው የማየው።»

ከዛ አስረዱኝ። ኮምፒውተር ሰው ሲሠራበት ለራሱም ይጽፋል። አንድ ፎቶ ከከፈትሽ፣ ድጋሚ ስትፈልጊው ቶሎ ላምጣላት ብሎ ቅጂውን አጠገቡ ያስቀምጣል። ካሽ የሚሉት ይሄንን ነው። ቆየት ብሎ ይደመስሰውና በቦታው ሌላ ይጽፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይሄው ነው። ድሮ ይሄ ሁሉ የሚጻፈው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር፤ ቀርፋፋ ነው ግን መጻፉን ይችለዋል። አሁን ኤስኤስዲ የሚባለው መጣ። የሚሽከረከር ነገር የለው፣ ድምፅ የለው፣ እንደ መብረቅ ነው። ግን አንዱ ቦታው ላይ ተጽፎ ተደምስሶ፣ ተጽፎ ተደምስሶ፣ በመጨረሻ በቃኝ ይላል።

«ነጭ ሸሚዝ የሚያልቀው ሰው ስላየው ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ በመታጠብ ነው።»

«ይሄም እንደዛው ነው። ብታነቢው ብታነቢው ምንም አይለው። የሚጨርሰው መጻፍና መደምሰሱ ነው።»

ስለዚህ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ፤ ከአዲሱ ኤስኤስዲ ጎን ከመደርደሪያቸው አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይገጥማሉ። ከዛ ሰውየው ሲሠራ ያዩትን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዴ ተጽፎ ሁልጊዜ የሚነበበው ኤስኤስዲው ላይ ይቀራል። ቶሎ ቶሎ የሚጻፈውና የሚደመሰሰው፣ ቢጠፋም የማይቆጨው፣ ወደ አሮጌው ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰው ማስቀመጥ ያለባቸው፤ የአንዱ ሰው ካሽ ከሌላው አይመሳሰልም። አሮጌውን ዲስክ ሽርጥ ይሉታል። ወጥ ቤት የገባ ሰው ሽርጥ ያስራል፣ የሚፈናጠቀው ሽርጡ ላይ ይፈናጠቃል፣ ቀሚሱ ይተርፋል። ገጥመው ሲጨርሱ ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ያደርጉና፣ የዲስኩ ድምፅ ካማራቸው «ጋሪዳ» ይላሉ። በኦሮምኛ ደህና ነው ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሽርጥ የታሰረለት ኮምፒውተር አይበላሽም። ያልተበላሸበት ሰው ደግሞ ጠጋኝ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል? አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያወራ፣ ሻይ ሲጋበዝ፣ ስለ ልጁ ሲያጫውታቸው የዋለ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ይወጣና በዛው ይቀራል። ጠልቷቸው አይደለም። ኮምፒውተሩ ደህና ነው። ጋሽ ፈዬራ ሥራቸውን ባሳመሩ ቁጥር ሱቃቸው ዝም ይላል። ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ከቆርቆሮው ወዲያ የሚሰማኝ የወንበራቸው ሲጢጥታ ብቻ ነበር።

እትዬ ዕፀገነት የመጡት በአንዱ እንደዛ ባለ ከሰዓት ነው። ኮምፒውተሩን በቀይ ከፈይ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፈው።

«ይሄ ዕቃ ሞቷል፤ ካልሞተም ሊሞት ነው» አሉ ገና ከበሩ።

ጋሽ ፈዬራ ተነስተው ተቀበሏቸው። «ምን ይሠሩበታል?»

«ሠርግ።»

«ምን?»

«የሠርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ዘፈን እጨምርበታለሁ። ባለቤቴ ነበር ሠሪው። እሱ ሲያርፍ ካሜራውን ወንድሙ ወሰደው፣ ይሄ ለኔ ቀረ። ምን ላድርገው ብዬ ቁጭ ብዬ ተማርኩት።»

ጋሽ ፈዬራ ከፍተው አዩት። ቆዩ። «ኤስኤስዲው ተበልቷል» አሉ።

«ማን በላው?»

«ሠርጉ ነዋ።»

እትዬ ዕፀገነት ከት ብለው ሳቁ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ቆርቆሮው ራሱ የሳቀ ነበር የመሰለኝ።

አዲስ ኤስኤስዲ ተገጠመ። ከዛ እንደ ልማዳቸው «ይቀመጡና ይሥሩ» አሏቸው። «እዚህ? እርስዎ እያዩኝ?» «እኔ የማየው ዲስኩን ነው።» «እንግዲያው ይመልከቱት፤ እኔን ካዩኝ ቆረጣው ይበላሽብኛል።» ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ጋሽ ፈዬራ መጥተው ከኛ ቤት አንድ ዱካ ተዋሱ። እትዬ ዕፀገነት ተቀምጠው የአንዱን ሰው ሠርግ መቁረጥ ጀመሩ። ቪዲዮ የሚሠራ ኮምፒውተር ከሁሉም የባሰ ጸሐፊ ነው። አንዲት ነገር በተቆረጠች ቁጥር ምን እንደምትመስል ለማሳየት ቅጂ ይሠራል፤ ደግሞ ይደመስሳል። ጋሽ ፈዬራ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺን አማት ይዩልኝ» ይላሉ እትዬ ዕፀገነት። «ካሜራው ሲዞርላት ብቻ ነው የምትስቀው። አሁን... አሁን... አዩ? አለፈ፣ ዘጋችው።»

ከወዲያ አንድ ነገር ሰማሁ። ሳል መስሎኝ ነበር። ጋሽ ፈዬራ ናቸው የሳቁት። እስከዛን ቀን ድረስ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የዛን ቀን ጋሽ ፈዬራ ሽርጥ አላሰሩም። ኮምፒውተሩ ሰፊ ራም ነበረው። ራም ማለት ኮምፒውተሩ በጭንቅላቱ የሚይዝበት ቦታ ነው፤ የትም ሳይጽፍ ያስበዋል፣ ሲጠፋ ይረሳዋል። ካሹን ሁሉ እዛ አደረጉት። እንዲህ ከሆነ ኤስኤስዲው ጨርሶ አይነካም፣ አሮጌ ዲስክም አያስፈልግም። እትዬ ዕፀገነት ኮምፒውተሩን በከፈዩ መልሰው ጠቅልለው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። አሁን አልሳቁም።

«አቶ ፈዬራ፣ ሙሽራውን አጠፉብኝ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«መብራት ሄደ። ሲመጣ ብከፍተው ሙሽራዋ ብቻዋን ቤተክርስቲያን ገብታለች።»

ለጋሽ ፈዬራ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ዋናው ቪዲዮ አልጠፋም። የጠፋው የቆረጡት የቀጠሉት ድካማቸው ነው። ፕሮግራሙ ለጊዜው ብሎ የሚያስቀምጠው ያልተጨረሰ ሥራ ከካሹ ጋር አንድ ቦታ ነበር ለካ፤ ራም ደግሞ መብራት ሲሄድ ሁሉንም ይረሳል። ካሽ ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱ መልሶ ይሠራዋል። የሰው ድካም ግን ማን ይመልሰዋል። እኔ ነገሩን ኋላ ሲነግሩኝ «ቀለም የሚለቀውን ከነጩ ጋር ዘፍዝፈውታላ» አልኳቸው። «በትክክል» አሉኝ፤ አፍረው።

«እኔ ስሠራው እዚህ መብራት አልሄደም ነበር» አሏቸው ለእትዬ ዕፀገነት። «ያልሄደውን መብራት አላሰብኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ ዕፀገነት ትንሽ አዩአቸውና ቁጣቸው ወረደ። «እሺ፤ እንግዲህ እንደ አዲስ ልዳራቸዋ» አሉ። «ግን እዚሁ ነው የምድራቸው። ከጠፋም እርስዎ ፊት ይጥፋ።»

ያን ሰሞን የጋሽ ፈዬራ ሱቅ ሰው ነበረበት። እትዬ ዕፀገነት ጠዋት ስቱዲዮአቸውን ከፍተው ደንበኛ ያስተናግዳሉ፤ ከምሳ በኋላ መጥተው ያንን ሠርግ ከመጀመሪያው ይቆርጣሉ። ጋሽ ፈዬራ አጠገባቸው ሆነው የሚጠፋውን ከማይጠፋው ይለያሉ፤ ይሄ ቅጂ ነው ይሂድ፣ ይሄ ድካም ነው ይቅር። ሻይ ይመጣል። አንዳንዴ ሥራውን ትተው ያወራሉ። እትዬ ዕፀገነት ስንቱ ሙሽራ ሲያለቅስ ከቪዲዮው ቆርጠው እንዳወጡለት፣ አንዱ ሙሽራ ደግሞ እንዴት አቅጥኑኝ እንዳላቸው ይነግሯቸዋል። ጋሽ ፈዬራ ስለ ጓያው ማሳ ይነግሯቸዋል።

«የትኛው ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ እትዬ ዕፀገነት።

ይሄን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጋሽ ፈዬራ ተነስተው በሩ ጋ ወጥተው አሳዩአቸው። «ያ ልብስ የተሰጣበት ሰገነት አለ አይደል? ከሱ ግራ ዋርካ ነበር። ከዋርካው በታች ያለው ሁሉ።» እትዬ ዕፀገነት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው የሌለውን ዋርካ አዩላቸው።

በዛው ሰሞን ጋሽ ፈዬራ ሸሚዝ አምጥተው አስተኮሱኝ። ከዛ በፊት አስተኩሰው አያውቁም። እኔም ምንም አላልኩ፤ ኮሌታውን ብቻ ደጋግሜ ተኮስኩላቸው።

ሥራው ግን ማለቅ ነበረበት። የቀረው ሽርጡ ነው። አንድ ጠዋት ከቆርቆሮው ወዲያ ዲስክ ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ ሰማሁ። በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ፈዬራ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዲስክ አድርገው ተራ በተራ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አንዱ ኩርር ኩርር እያለ ይሰናከላል። ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው፤ ከዛ ሁሉ መደርደሪያ እሱን የሚያህል የለም። በሁለቱ መካከል ቁጭ ብለው ቆዩ። ያኔ ምን እንደሚያስቡ አልገባኝም። በኋላ ነው የነገሩኝ።

«ደካማውን ብገጥምላቸው፣ ሲቲዬ፣ ከክረምት አያልፍም ነበር። ሥራቸው አይጠፋም፤ ካሽ ብቻ ነው ያለበት። ሽርጥ ተቀደደ ብለው ይመጡ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሥራ ነው። ደህናውን እያወቅኩ እንዴት ደካማውን እገጥማለሁ?»

ደህናውን ገጠሙ። ከሰዓት እትዬ ዕፀገነት መጡ። እኔ የአንድ ሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«አለቀ?» አሉ እትዬ ዕፀገነት።

«አለቀ።»

«መብራት ቢሄድስ?»

«ይሂድ። ሥራዎ ኤስኤስዲው ላይ ነው። የሚደመሰሰው ብቻ ነው ሽርጡ ላይ ያለው።»

«ይቆያል?»

«ይቆያል።»

ከፈዩ ሲታጠፍ ይሰማል።

«እንግዲህ አያዩኝማ» አሉ እትዬ ዕፀገነት፤ እየሳቁ ነበር፣ ግን ወፍራሙ ሳቅ አይደለም። «ሲበላሽ እመጣለሁ።»

«አይበላሽም» አሉ ጋሽ ፈዬራ።

ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳሁት። የሰው ሸሚዝ ላቃጥል ነበር። ከዛ እትዬ ዕፀገነት «እሺ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ጋሽ ፈዬራ ሌላ የሚሉት ነገር ነበራቸው። አፋቸው ላይ የመጣው ግን የሥራው መልስ ነው። ሰው ስለ ዕቃው ሲጠይቃቸው እውነቱን መናገር ነው የለመዱት፤ እትዬ ዕፀገነት የጠየቁት ስለ ዕቃው እንዳልሆነ የገባቸው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ዱካዋን አልመለሱልንም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ከወንበራቸው ፊት ለፊት እንደተቀመጠች ቀረች። ባዶዋን እንዳይመለከቷት ይመስለኛል፣ ጃኬታቸውን ደረቡባት።

ክረምቱ ገባ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገርም አንችልም፤ እሳቸው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሲያባራ ደህና ዋልሽ ይሉኛል። አንዳንዴ ከመደርደሪያው ያንን ደካማ ዲስክ አውርደው ያበሩታል። ኩርር ኩርር ይላል። መሞቻው ደርሷል ያሉት ዲስክ እሱም አልሞተም። መልሰው ያስቀምጡታል።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን የተተኮሰውን ሸሚዝ ለበሱ። የት እንደሚሄዱ አልነገሩኝም፤ በኋላ ከሁለቱም ነው የሰማሁት። የእትዬ ዕፀገነት ስቱዲዮ እዚሁ ገርጂ፣ ከታክሲው ማዞሪያ አለፍ ብሎ ምድር ቤት ነው። መስታወቱ ላይ ሙሽሮች ተለጥፈዋል። ጋሽ ፈዬራ ሙሽሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ አዩ። እትዬ ዕፀገነት መነጽራቸውን አድርገው ይቆርጣሉ። ኮምፒውተሩ ሳይንገዳገድ እየሠራላቸው ነው። ይሄን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ደስ ሲላቸው ደግሞ ምን ብለው እንደሚገቡ ጠፋቸው። ገቡ ግን።

«ውይ፣ አቶ ፈዬራ! በሰላም ነው?» እትዬ ዕፀገነት ብድግ አሉ።

እንግዳ ሲመጣ በሰላም ነው የማይል ማን አለ። ጋሽ ፈዬራ ግን ሱቃቸው ሰው የሚገባው የተበላሸ ዕቃ ይዞ ብቻ ስለሆነ፣ የመጡበትን ምክንያት የተጠየቁ መሰላቸው። ምክንያት አልነበራቸውም። ፈለጉ፣ አንድ አገኙ።

«ዲስኩን ልሰማው ብዬ ነው» አሉ።

እትዬ ዕፀገነት ከወንበሩ ዞር አሉላቸው። ጋሽ ፈዬራ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አደረጉ። ዲስኩ ጥርት ብሎ ይሽከረከራል። ምናለ ትንሽ ብትንተባተብ፣ አሉ በልባቸው፤ ይሄን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። አልተንተባተበም። ቀና አሉ።

«ጋሪዳ» አሉ። «ደህና ነው።»

«ሻይ እኮ አዝዣለሁ፤ ይቀመጡ።»

«ሌላ ጊዜ። ሥራ አላስፈታዎትም።»

ሻዩ የመጣው እሳቸው ማዞሪያውን ካለፉ በኋላ ነው። እትዬ ዕፀገነት ሁለቱንም ብርጭቆ ራሳቸው ጠጡት።

የሻዩን ነገር የነገሩኝ እትዬ ዕፀገነት ናቸው። ያንን ቀይ ከፈይ ሊያሳጥቡ ወደኛ ቤት መጡ። ከፈዩን ሰጥተውኝም አልሄዱም፤ ቆርቆሮውን ያያሉ።

«ጎረቤትሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ደህና ናቸው። አሁንም ውስጥ ናቸው፤ ይግቡና ይጠይቋቸዋ።»

«ምን ይዤ ልግባ? ኮምፒውተሩ እንደሆን ምንም አልሆነም።» ፈገግ አሉ። «እኔ ቤት መጥተው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ዲስኩን ሰምተው ሄዱ። የኔን ድምፅ ሊሰሙ የመጡ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ የሚፈልጉት ዲስኩን ከሆነ፣ እሱ ደህና ነው በያቸው።»

ሲሄዱ በቀዳዳው ተጣራሁ።

«ጋሼ፣ እትዬ ዕፀገነት መጥተው ነበር። እርስዎን ጠየቁ።»

ወንበራቸው ሲጢጥ አለ። «ዲስኩ ጮኸ እንዴ?»

«አልጮኸም ጋሼ። እርስዎን ነው የጠየቁት።»

«እ» አሉ። «ካልጮኸ ጥሩ ነው።»

አሁን እኛም ልንሄድ ነው። ላውንደሪው ወደ አያት ይዛወራል፤ ባለቤቶቹ ሰፋ ያለ ቤት አግኝተዋል። ለጋሽ ፈዬራ የነገርኳቸው ፊት ለፊት ነው፤ ይሄን በቀዳዳ መናገር አልሆነልኝም። ጠረጴዛቸው ላይ የሚሠራ ዕቃ አልነበረም። ጨርቅ ይዘው የሃርድ ዲስኮቹን አቧራ ያራግፋሉ።

«በናንተ ቦታ ማን ይገባል?» አሉኝ።

«መጋዘን ይሆናል አሉ። የሴራሚክ ዕቃ ያስቀምጡበታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሻላል። እርጥበት አይኖርም» አሉ።

ያንን «አይበላሽም» ያሉበት ድምፅ ነው። አሁን ግን ያንን ድምፅ ለመድኩት። ምን ለማለት ፈልገው እንደሆነ ገብቶኛል። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። እኔ ከሄድኩ በቀዳዳው የሚጠራቸው ሰው አይኖርም።

ስለዚህ የምታነቡት ሰዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመገናኛ የገርጂን ታክሲ ያዙ። ማዞሪያው ላይ ውረዱና ኮንዶሚኒየሙን ዙሩት፤ ከጀርባው የጋሽ ፈዬራን ሱቅ ብላችሁ ጠይቁ። ምንም የተበላሸ ነገር እንዳትይዙ። እሳቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ምን ተበላሸ?» ይሏችኋል። አትደንግጡ። «ምንም አልተበላሸም፤ እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» በሏቸው። ትንሽ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ምን እንደሚሉ ስለማያውቁ ነው፤ አትሂዱባቸው። ጃኬቱን ከዱካዋ አንሱና ተቀመጡ። ማሳው የት ጋ እንደነበር ጠይቋቸው፤ በሩ ጋ ወጥተው ያሳዩአችኋል። እናንተም ዋርካውን እዩላቸው።

እትዬ ዕፀገነት፣ ከፈይዎ ታጥቦ ደርቋል፤ ቀለሙን አልለቀቀም። እኛ ቤት አያገኙትም፤ ጋሽ ፈዬራ ሱቅ አስቀምጬዋለሁ። ዱካዋንም ለባለቤቶቹ ነግሬ እዛው ትቻታለሁ።